በቅሎዋ ተመልሳለች፤ ወንድሜስ?

ለተከበሩ ኮማንደር በዕውቀቱ
የወረዳችን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ኮማንደር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በጥበቃዎ ሥር ላሉት ሁሉ የማያቋርጥ ጤና እመኛለሁ፤ በጥበቃዎ ሥር ካሉት አንዱ ወንድሜ ስለሆነ ምኞቴ ከልብ መሆኑን አይጠራጠሩ። ከጥርጣሬ ጋር ያለዎትን የቆየ ወዳጅነት ባውቅም፣ ይህቺን አንዷን እንኳ ያለ ምርመራ እንዲያሳልፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ስሜ አመተሥላሴ ፈንታ ይባላል፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የተወለድኩት ወናፍ አምባ ነው። ወናፍ አምባን እርስዎ ከእኔ ይልቅ አሳምረው ያውቋታል፤ አገር ውስጥ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መኪናዎ ቀጥ ብላ የምትመጣው ወደ እሷ ነውና። ለማያውቋት አንባቢዎች ግን ላስረዳ። አባቶቻችን ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ እናቶቻችን ሸክላ ይሠራሉ፣ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ይፈሩናል። በሌላው የአገራችን ክፍል ሰው በብሔሩ ምክንያት ታሰረ ሲባል በሬዲዮ እንሰማና እናማትባለን። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነውር የለም፤ ሁላችንም አንድ ቋንቋ እንናገራለን፣ አንድ ጾም እንጾማለን፣ የመንዝ ብርድም ሁላችንንም እኩል ያንቀጠቅጠናል። እኛ ጋ የሚቆጠረው አጥንት ብቻ ነው። ገበሬው ጨዋ ይባላል፣ እኛ ባለ እጅ እንባላለን። ይህም ፊት ለፊት ሲያገኙን ነው፤ ዘወር ስንል ቡዳ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልደታ ሰሞን የአቶ አባይነህ በቅሎ ጠፋች። አቶ አባይነህ የተከበሩ ገበሬ ናቸው፤ በቅሎዋም እንደ ጌታዋ የተከበረች ናት። በማግስቱ ሽማግሌዎች ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰብስበው አውጫጭ ተቀመጡ። አውጫጭ የአያቶቻችን ብልሃት ነው፤ ነገሩን ያየ ሰው ስሙ እንዳይነሣበት ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል፣ እነሱም «ወፍ ነገረችን» ብለው ያወጡታል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። የዚያን ቀንም ወፏ መጣችና «ኪዳነ ፈንታ ነው» አለች። ኪዳነ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የአባታችንን መዶሻ የወረሰው እሱ ነው። ከሰሉን እንኳ ሳያጠፋ ወሰዳችሁት።

ከሳምንት በኋላ በቅሎዋ የተበጠሰ ገመዷን እየጎተተች በገዛ እግሯ መጥታ አቶ አባይነህ ደጅ ቆማ ተገኘች። ያገራችን ሰው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች» ይላል። የዚህችኛዋ በቅሎ ግን ገመዱን ያሳጠረችው በወንድሜ ላይ ነው፤ ይኸው ሰኔ ገብቶ፣ እሷ መስክ ላይ ሣሯን ስትግጥ እሱ አሁንም ማረፊያ ቤት ነው። ስለዚህም ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ምስጋና ከዚህ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለወፏ ስለሚሰጡት ክብር አመሰግናለሁ። በቅሎዋ በተመለሰች ማግስት ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ወንድሜ መቼ እንደሚፈታ ብጠይቅ፣ በቅሎዋ ብትመለስም ወፏ ቃሏን እስካላነሣች ድረስ መዝገቡ እንደማይዘጋ ተነገረኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንዲሉ ሁሉን በዕውቀት እንደሚሠሩ አምናለሁና፣ ወፍ መጥሪያ የሚደርሳት በየትኛው ዛፍ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ራሴ ወጥቼ አደርሳታለሁ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች። ያገራችን ወፍ ግን የጨዋ ልጅ ስም አፏ ላይ አይያዝላትም። አምና የትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ሲጠፋ ወፏ ወናፍ አምባ ላይ አርፋ ሦስት ልጆች ታሰሩ፤ ቆርቆሮው የአንድ ጨዋ ሰው በረት ላይ ተመትቶ ሲገኝ ግን ነገሩ በሽምግልና አለቀ፣ ጠላ ተጠጣ፣ ተሳሳሙ። እርቅ ደግ ነገር ነው። ልጆቹ ከእርቁ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይተው ተፈቱ፤ ያልበደሉ ስለሆኑ የሚታረቁት ሰው ጠፍቶ መሰለኝ።

፪ኛ. ስለ መርማሪዎ ትጋት አመሰግናለሁ። ከከተማ አዲስ የመጡት ወጣት መርማሪ ወንድሜን ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት «ባለ እጅ ነኝ» አላቸው። በእኛ አገር ባለ እጅ ማለት እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ ቀጥቃጭ ማለት እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። መርማሪው ግን በቃሉ ላይ «የእጅ አመል እንዳለበት አምኗል» ብለው ጻፉ። ወይ ጉድ! ሰው ሥራውን ተናግሮ ሌባ ሲሆን ያየሁት ገና አሁን ነው። ወንድሜም ቃሉ ሲነበብለት «አዎ፣ ባለ እጅ ነኝ» ብሎ በኩራት ፈረመ፤ እጅ ከፍንጅ የሚባለው ይህ ሳይሆን አይቀርም፣ እጁን እሱ አቀረበ፣ ፍንጁን እናንተ ጨመራችሁበት። ስሕተቱን ላስረዳ ስመጣም ቃል አንዴ ከተፈረመ የቋንቋ ትምህርት እንደማያስፈልገው በጨዋ ደንብ ተነገረኝ።

፫ኛ. ካህናትን ሳይቀር በእኩል ዓይን ስለማየትዎ አመሰግናለሁ። ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ የነፍስ አባታችን፣ በቅሎዋ በጠፋችበት ቀን ኪዳነ ከጠዋት እስከ ማታ አብሯቸው እንደነበረና የቤተ ክርስቲያኑን በር ማጠፊያ ሲያድስ መዋሉን ሊመሰክሩ መጥተው ነበር። መርማሪዎ ምስክርነቱን ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑስ ምን ጠፋ? ምንም እንዳልጠፋ ቢነገራቸው ለማጣራት ሰው ላኩ። ጽናጽሉም ከበሮውም ተቆጥሮ ሁሉም በቦታው ሲገኝ፣ እንደሰማሁት፣ ነገሩ ይበልጥ አጠራጣሪ ሆነ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ከዚያ ወዲህ ለምስክርነት ሲጠሩ «እኔ ስናገር ሰው ይታሰራል» እያሉ ያማትባሉ።

፬ኛ. በቅሎዋ የተመለሰችው ራሱ ኪዳነ መልሷት ነው ስለተባለው ነገር አመሰግናለሁ፤ እሱ ከታሰረ ወዲህ በቤታችን የተሳቀው በዚህ ብቻ ነው። ያን ጊዜ በወንድሜ ላይ እናንተው ቆልፋችሁበት እንደነበረ ባስታውሳቸው፣ በሩ ላይ የቆሙት ሚሊሻ «እነሱ ምን ይሳናቸዋል» ብለው መሬት መሬት አዩ። ነገሩ ገባኝ። ቡዳ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። እንግዲህ ወንድሜ ጅብ ሆኖ በእናንተ ግድግዳ ሾልኮ ወጣ፣ በቅሎዋን ከተደበቀችበት ፈለጋት፣ ሳይበላት በገመዷ ስቦ ለባለቤቷ አስረከበ፣ ከዚያም ነፃነቱ ሳያጓጓው ተመልሶ ማረፊያ ቤትዎ ገብቶ ቆጠራ ላይ «አቤት» አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጅብ ቢገኝ እንኳን ሊታሰር፣ ሚሊሻ ሊያደርጉት ይገባ ነበር።

፭ኛ. ስለ ዋስትናው አመሰግናለሁ። ከወናፍ አምባ ዋስ ስንጠራ ዋሱም ሊጠረጠር ይችላል ተባልን። ከጨዋው ወገን ስንፈልግ ለቡዳ ዋስ የሚሆን ጠፋ። በመጨረሻ ባለ በቅሎው አቶ አባይነህ ራሳቸው መጡ። ለወንድሜ አዝነው ነው ብዬ አልዋሽም፤ የሰኔ እርሻ ደርሶ ማረሻቸው ደንዝዞ ነው፤ በቀበሌው ማረሻ የሚስል ደግሞ ከኪዳነ ሌላ የለም። «ልጁን ፍቱልኝ» ቢሉ፣ ተበዳይ ዋስ ሊሆን አይችልም ተባሉ። «አልተበደልኩም እኮ፣ በቅሎዬ ቤቷ ናት!» ቢሉ፣ ተበዳዩ ተረጋግተው እንዲሄዱ ተመከሩ። አሁን ያገሬው ገበሬ ማረሻውን ተሸክሞ ወናፍ አምባ ይመጣና፣ እሳቱ ጠፍቶ ሲያየው እኛኑ ይቆጣል።

፮ኛ. ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል፤ አስተማሪ ነኝና አመሌ ነው። ወናፍ አምባ ከቀበሌው ሕዝብ ከሃያ እጅ አንዱን አትሞላም። ማረፊያ ቤትዎ በር ላይ ስንቅ ለማቀበል ስንሰለፍ ግን ከተሰለፍነው ከግማሽ የምንበልጠው እኛ ነን፤ ላየው ሰው የመንደራችን ማኅበር እዚያ የሚጠጣ ይመስለዋል። ክፍል ውስጥ «ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው» ብዬ ሳስተምር፣ አንዲት የወናፍ አምባ ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ከሕግ በስተኋላስ?» አለችኝ። ለፈተና እንደማይመጣ ነግሬ አስቀመጥኳት። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

፯ኛ. ሰባተኛው ምስጋና አይደለም።

አባታችን ፈንታ እኛ ልጆች ሳለን በጠፋ በሬ ታስሮ ነበር። በሬው ገደል ገብቶ ሞቶ ሲገኝ «ስሕተት ነው» ብለው ፈቱት። ስሕተቱ ግን ሳል ሆኖ ደረቱ ውስጥ ቀረ፤ ዓመት ሳይሞላው ቀበርነው። እናታችን ወለተ ኢየሱስ ይህን ሁሉ አይታለች። ዛሬም በእርጅናዋ ያንኑ መንገድ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች፤ መሐል ሜዳ ገበያ የሚወጣ ማድጋ መሥራቷን ትታለች፣ ጭቃው እጇ ላይ አልታዘዝ አላት። ባለፈው እሑድ ከእናንተ በር ስትመለስ አላለቀሰችም። ተቀመጠችና «ኪዳነ ማሳል ጀምሯል» አለችኝ።

ክቡር ኮማንደር፣ ተናድጃለሁ። ከንዴቴ ይልቅ ግን ፈርቻለሁ። ሲሚንቶው ወለል እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቁታል፤ እርስዎ እንኳ ቢሮዎ ውስጥ ጋቢ ደርበው ነው የሚቀመጡት። የፊታችን ሐሙስ የወንድሜ ቀጠሮ ነው። እስካሁን በቀረበ ቁጥር ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ እየጠየቃችሁ ተሰጥቷችኋል። የምለምንዎት ብዙ አይደለም፤ ሐሙስ ዕለት ጊዜ አይጠይቁ። ዳኛው ፊት ቆመው «በቅሎዋ ተመልሳለች» ይበሉ። ሁለት ቃል ናት፣ እውነት ናት፣ አጥንትም አትቆጥርም። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፤ እኛም አባታችሁ ማነው ስንባል ለመሸሽ የምንጠራው ፈረስ የለንም፣ ቀጥቃጭ ነው እንላለን። ይህን በማለታችን የምንታሰርበት አንቀጽ ካለ ቁጥሩን ይንገሩኝና ለተማሪዎቼ ላስተምረው፤ ከሌለ ግን ልጁን ወደ እሳቱ ይመልሱልን።

ሥልጣንዎ እንዳይጎድል፣ እንቅልፍዎ እንዳይረበሽ፣ ደጅዎም ከወናፍ አምባ ሰው እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ ለሕግ ባለኝ የማይነቃነቅ አክብሮትና ለአፈጻጸሙ ባለኝ ወሰን የለሽ መገረም እሰናበትዎታለሁ።

አመተሥላሴ ፈንታ
የቀጥቃጭ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ የሥነ ዜጋ አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለአቶ አባይነህ፣ ማረሻቸው ለደነዘዘው
ለወፏ፣ አድራሻዋ በፖሊስ ዘንድ ለሚታወቀው

ዳግመኛ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳበቃ አንድ ፖሊስዎ ወናፍ አምባ መጥቶ ቀጥቃጭ ፈለገ፤ የማረፊያ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተሰብሮ ኖሯል። ቀጥቃጩ እናንተው ጋ ነው ብለን ወናፉንና መዶሻውን ሰጥተን ሰደድነው። ኪዳነን ወደ ግቢው አውጥተው ከሰል አቀጣጠሉለት፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ እያሳለ ተቀምጦ ሲቀጠቅጥ ዋለ፣ መቀርቀሪያውንም ከቀድሞው አጠንክሮ መለሰው። ሥራው አምሯል ተብሎ እንደተመሰገነ ሰምተን ደስ ብሎናል። በደንብ መያዙን ለመፈተሽ መጀመሪያ የተቀረቀረው በእሱ ላይ ነው።