የቀበሌው ሰሌዳ ጠባቂ

ነቀምቴ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 1969 ዓ.ም.
ዛሬ ጠዋት ከሳጥኑ የወጣ ወረቀት ሃያ ሦስት፤ የተለጠፈ የለም፤ ሁሉም ምድጃ ገባ።

ለውድ እኅቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ታናሿን ሳሉ ለቀቃት ወይ? እኛ እንቅልፍ ከማጣት በቀር ደህና ነን። ቅዳሜ ከሲሬ ለገበያ መጥተሽ ሱቄን እያየሽ አልፈሽ መሄድሽን ሰዎች ነግረውኝ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ቅያሜው የለም። ለምን እንደሆነ ከታች ይገባሻል።

ቀበሌያችን ሕዝቡ ሐሳቡን ይግለጽ ብሎ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ መስቀሉን፣ ጠባቂውም እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። የመረጡኝ ወረቀትና ሙጫ ስለምሸጥ ነው። ሰው ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ይጥላል፤ እኔ ጠዋት ከፍቼ እለጥፋለሁ። ሕጌ አጭር ነው። እናት የሚሰድብ አይለጠፍም፤ ዘር የሚያነሳ አይለጠፍም፤ ጥያቄ ግን ይለጠፋል። አዴ ድርቤ ስሟን ጽፋ፣ የቀበሌው ስኳር በየትኛው በር ነው የሚወጣው ብላ ጠየቀች፤ ለጠፍኩ። ልብስ ሰፊው ጉሉማ በመስኮት ነው ብሎ መለሰላት፤ እሱንም ለጠፍኩ። ሱቄ በር ላይ ተገናኝተው፣ አንተ መስኮቱን በምን አወቅኸው ብላ ብታፋጥጠው፣ እኔ እኮ ከመስኮቱ ሥር ነው የምሰፋው አላት። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ።

ስሙን የማይጽፍ ግን ይበዛል። ለእነሱ አንድ ዘዴ አወጣሁ። የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ ራሴ ገልብጬ እለጥፋለሁ፤ ዋናውን አቃጥላለሁ። ብልሃተኛ ነኝ ብዬ ነበር። የሰሌዳው ስም የለሽ ቅሬታ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ እንደተጻፈ ልብ ያልኩት ገና ትናንት ነው።

እሑድ ጠዋት ከሳጥኑ አንዲት ወረቀት ወጣች። ልብሱን ከእስር ቤት መልሳችሁልኛል፤ ባለቤቱ የት አለ? ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ፊደሉን እንዲያ አጋድሞ የሚጽፍ ሰው፣ የኔታ ካስተማሯቸው ልጆች የቀረነው ሁለት ብቻ ነን። አጠፍኳት፤ ዘረጋኋት፤ ደግሞ አጠፍኳት። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ስንጎራደድ ዋልኩ። የሰደበችው ሰው የለም፤ ጥያቄ ናት። ለስኳር የሠራ ሕግ ለሰው ካልሠራ ምኑን ሕግ ሆነ? ሰኞ ጠዋት ገልብጬ ለጠፍኳት።

ቀትር ሳይሆን ከሥሯ በእርሳስም በከሰልም የእኔም፣ የእኔም፣ የእኔም የሚል ሞላ። መጻፍ የማትችል አንዲት እናት አውራ ጣቷን ጥላሸት ነክራ አተመች።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ኦቦ ሞረዳ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ላቡን እየጠረገ፣ አበጋዝ፣ ይህቺን የጻፋት ማን ነው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አትቀልድ፣ ለአንተ የተመለሰልህ የማን ልብስ ነው አለ። የእጅ ጽሑፉን እየው፣ የማን ይመስልሃል አልኩት። ወረቀቷን ጠጋ ብሎ አየና፣ ወንድሜ፣ ስም ስጠኝና አንተ ውጣ፤ ከበላይ የሚመጡት እኔንም አይምሩኝም ብሎ ለመነኝ። ያለኝ ስም የራሴ ብቻ ነው አልኩት። ሰሌዳውን ነቅሎ ወሰደ። ሳጥኑን ረሳው፤ ሰውም ሌሊቱን ሞላው። እነዚያን ማንም ሳያያቸው አመድ አድርጌያቸዋለሁ።

አሁን ምክሬን ስሚ። ለማንም ማመልከቻ ማስገባት ካስፈለገሽ በሌላ ሰው እጅ አጽፊ። ለእኔም አትጻፊልኝ። ይህን የሚያደርስልሽ በቅሎ ነጋዴው ነመራ ነው። ማንበብ አይችልም፤ አፉም ጥብቅ ነው። አንብበሽ አቃጥዪው። ስለ እኔ ምንም ወሬ ብትሰሚ ነቀምቴ አትምጪ። ልጆቹ የቀራቸው አንድ ወላጅ ነው።

ያባታችን አምላክ በቤትሽ ዙሪያ አጥር ይሁን፤ ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ። ለጠየቅሽው ሁሉ አንድ ቀን መልስ ያሰማሽ።

ወንድምሽ

ነገ፦ የሱቁን ቁልፍ ለድርቤ መስጠት። ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ መቅረብ። ብርድ ልብስ መያዝ።