ያለ ላጲስ መሣል

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለእትዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስትጎነበሺ «ወይኔ» ትያለሽ? ጋሼስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እማማስ እንደምን አለችልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዜር ይመስገን ምንም አልጎደለብኝም፤ ጤናዬም ሥራዬም ደህና ነው። ባለፈው ደብዳቤሽ «ምነው ድምፅህ ጠፋ? ምን ያዘህ?» ብለሽ ተቆጥተሻል። እውነትሽን ነው። የያዘኝን ነገር ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው የቆየሁት። አሁን ግን ይውጣልኝ። እትዬ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሥዕል መማር ጀምሬያለሁ።

ይኸው ሳቅሽ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ሳቂ ግድ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከሥራ ነው። እንደምታውቂው የምሠራው ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ነው። አንድ ደንበኛ ኮቱን ሲረከብ «ይህ ቀዳዳ ስሰጣችሁ አልነበረም!» ብሎ ቤቱን በጩኸት አናወጠው። ከዚያ ወዲያ አሠሪያችን አዲስ ሕግ አወጣ፤ ልብስ ስንቀበል ቅርጹን በወረቀት ላይ ሥለን፣ ቀዳዳውና እድፉ የቱ ጋ እንዳለ ምልክት እንድናደርግ። እኔ የሣልኩትን ኮት ባየሽው! አንዱ እጅጌ ከጉልበት በታች ወርዷል፣ ኮሌታው ቀንድ አብቅሏል። «ይህ ኮት ነው ወይስ የምትታለብ ላም?» ብለው ተንከተከቱብኝ። አሠሪዬማ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። አብሬ ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። በየቀኑ ስንቱን ኮት እተኩሳለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የትኛው ስፌት የት እንዳለ እጄ ያውቀዋል። ታዲያ ያ የማውቀው ኮት ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ወዴት ነው የሚጠፋው? ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣችኝ።

ከሥራ ቦታዬ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ፎቁ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንደኔ ላሉ እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ሥዕል ያስተምራሉ። ሄድኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። አስተማሪያችን ዕድሜ ልካቸውን የሕንጻ ንድፍ ሲያወጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኛ «ጋሽ ላጲስ» እንላቸዋለን። ላጲስ ስለሚወዱ እንዳይመስልሽ፤ በር ላይ ቆመው ላጲሳችንን ይሰበስቡና በብስኩት ቆርቆሮ ይዘጉበታል። «የተሳሳታችሁትን አታጥፉ። አጠገቡ ሌላ መስመር ጨምሩ፤ የቱ እንደሚሻል ዓይናችሁ ይፍረድ» ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ወንበር ገልብጠው አስቀመጡና «ወንበሩን እንዳትሥሉ፤ በእግሮቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ሣሉ» አሉን። ሰውዬው ጤናም የላቸው ብዬ ነበር። ባዶ እንዴት ይሣላል? ግን ባዶውን ስከተል፣ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱ እንደ ሸራ የተወጠረ፣ አንዱ ቀጭን ስንጥቅ ሆኖ ቆየና ቀና ስል ወረቀቴ ላይ ወንበር ቁጭ ብሏል! ለካ እስከዛሬ ስሥል የኖርኩት ወንበርን ሳይሆን «ወንበር» የሚለውን ስም ነው። አራት እግር አለው ብዬ ስለማውቅ አራት እግር እሠካለሁ፤ ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ሦስት ብቻ ቢሆንም።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላርፍ አለ። ነጭ ሸሚዝ ነጭ ነው ብዬ ስንት ዓመት ተኩሻለሁ? አይደለም እኮ እትዬ! ብብቱ ሥር ግራጫ ነው፣ ኮሌታው ጥግ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ መስኮቱ ዳር ሲሰቀል ደግሞ ቢጫ ይነካዋል። አንድ ቀን ይህን ሳጣራ ካውያውን ረስቼው የሰው ሸሚዝ ከማቃጠል ለጥቂት ተረፍኩ። አውቶቡስ ውስጥ የሰው ጆሮ ሳጠና አንዲት ሴትዮ ገላምጣኝ ቦታ ቀይራለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሥራ ቦታ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቴ ቆማ አንሶላ አብራኝ የምታጥፍ ሴት አለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። አፏ ላይ «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ስለማይጠፋ «ወይዘሮ ቶሎ» ነው ስሟ። ሰው ለመሣል ስደርስ ምሳ ሰዓት ላይ እንድትቀመጥልኝ ለመንኳት። «እኔን? ምነው ግድግዳ አጣህ?» አለችኝ። ግን ተቀመጠች። መጀመሪያ የሣልኳት አባወራ መሰለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምኩ፤ አፍንጫዋ ቦታውን አገኘ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሥላት እሷ መሆኗ ከሩቅ ይታወቅ ነበር፤ አንገቷ ብቻ በግራ በኩል ወፍሮ እምቢ አለኝ። ቀጭን መስመር ብጨምርበትም ዓይኔ አልፈረደለትም።

ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንገቴን ቅል አስመሰልከው! ለመሳቂያ ነው ያስቀመጥከኝ?» ብላ ተነሣች። ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። አንሶላ ስናጥፍ ጫፉን እንዲህ መንጭቃ ስትስበው ክንዴ ሊገነጠል ይደርስ ነበር። እኔም እጄን ረገምኩ።

ቅዳሜ ሦስቱን ሥዕሎች ለጋሽ ላጲስ ይዤ ሄድኩ፤ የት እንደተሳሳትኩ እንዲያሳዩኝ። ጎን ለጎን ደረደሩና ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «የእጅ ስህተት አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። ይሄ ግን ሦስቱም ላይ ያው ቦታ ነው፤ ደሞ እየጨመረ ነው። ወረቀቱን ተወውና ሴትዮዋን ሂድና እያት።» አዋላጇም አንገቷን አስግጋ አየችና «ሐኪም ይያት፤ አትዘግይ» አለች።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ቶሎ ውሃ ስትጠጣ ጠብቄ አየኋት። ስትውጥ አንድ ነገር ከቆዳዋ ሥር ወደ ላይ ወጣና ተመለሰ። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቷ ቆሜ! ግን እንዴት ይነገራል? ብናገር ላስቀይማት ነው፣ ዝም ብል ኃጢአቱ የኔ። አንሶላ እያጠፍን፣ ሁለታችን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስንቀራረብ ጠብቄ፣ ሥዕሉ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ እባክሽ ታዪ አልኳት። «አሁን ደሞ ሐኪም ሆንክ?» ብላ አንሶላውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን የደንበኞች መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት። የሥራ ልብሷን የላይኛ ቁልፍ ለመቆለፍ ትታገላለች። ለካ ሁለት ወር ሙሉ አልቆለፍ ሲላት «እንፋሎቱ አኮማተረው» እያለች የማጠቢያ ክፍሉን ሰው ስትሳደብ ኖራለች! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አንገትም ያው ነው። ዞር ሳትል በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «ያንን ወረቀት አምጣው» አለችኝ። በማግስቱ እሱኑ በቦርሳዋ ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች።

ጉሮሮዋ ላይ ያለው ዕጢ አብጦ ኖሯል። ክፉው ዓይነት አይደለም ተባለ፤ ግን የአየር ቧንቧዋን መጫን ጀምሮ ነበርና በቀዶ ጥገና ይውጣ አሏት። ልጠይቃት ስሄድ ድምፅዋ ሰልሎ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ እሰማ ነበር» አለች፤ «እንቅርቱ ወጥቷል፣ ጆሮ ደግፉን እየጠበቅሁ ነው።» እየሳቅሁ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሷም አየችው መሰለኝ መስኮቱን እንድከፍት አዘዘችኝ፤ «ቶሎ በል» ብላ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ተመለሰች። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሳልጠራት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ሻሿን ከአንገቷ ፈታች። «ሣለኝ። ጠባሳውን እንዳትደብቅ፣ እንዳታበዛብኝም» አለች። እንደዚያ ቀን እርሳስ ከብዶኝ አያውቅም። ብዙ አየኋት። ጥቂት ሣልኩ። ወረቀቱን አይታ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ካውያዋ ሄደች።

እትዬ፣ አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። አንቺን በቃሌ ልሥል ሞከርኩ። ያሳደግሽኝ እህቴ ነሽ፤ ፊትሽን አላውቀውም ብል ማን ያምነኛል? ስትስቂ ጉንጭሽ እንደሚሰረጉድ አውቃለሁ፤ ግን ቀኙ ነው ግራው? ቅንድቦችሽ ይገናኛሉ ወይ? ወረቀት ስጨርስ ዋልኩ፤ የምትወጣው ሌላ ሴት ናት። ባለፈው የላክሽልኝን ፎቶም አየሁ፤ ፎቶ ሲሉሽ ከንፈርሽን ገጥመሽ ወታደር ትሆኛለሽ። ስለዚህ አደራሽን፣ ትልቋ ልጅሽ አጠገብሽ ትቀመጥና እያሳቀችሽ አይታ ትጻፍልኝ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ራሰ በራው የቱ ድረስ እንደደረሰ በሐቀኝነት ይንገረኝ። ለትልቋ እርሳስ ልኬላታለሁ፤ ትንሿ እንዳትቀማት። መንታዎቹን ሁለቱንም ሳሚልኝ፤ ሰው የሚለያቸው በምናቸው እንደሆነ አሁን እጅግ ማወቅ እፈልጋለሁ። የጎረቤታችንን የአናጺውን ቤተሰብ እንዳለ ሰላም በይ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ዓይኗ ጭራሽ እንደደከመ ስለጻፍሽልኝ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለውን ወፍራም ወረቀት ለሷ ስጫት። ግራ እጄን ነው የሣልኩት፣ በልኩ። መስመሩ ወደ ኋላ እንዲያብጥ እርሳሱን አጥብቄ ተጭኜዋለሁ። ጀርባውን ገልብጪና መዳፏን አስቀምጪላት፤ በጣቷ ታገኘኛለች።

የሚወድሽና የሚያከብርሽ ታናሽ ወንድምሽ።

ከመተኮሻ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ ረፋድ ላይ፣ የካቲት ፲፬ ቀን