የድንበር ማዶ ስልኮችን ሲያገናኙ የኖሩት እህታችን

እህታችን ከአባታቸው ከልብስ ሰፊውና ከእናታቸው ከመምህርቷ በ1961 ዓ.ም. ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ናቸው፤ ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ከሰባት ዓመት በኋላ መጣሁ። በሕይወት ሳሉ አንቺ እያልኩ ስከራከራቸው ኖሬ ዛሬ በአንቱታ ስጽፍላቸው ቢሰሙ ይስቁብኝ ነበር። ወጉ ነውና ይሁን።

በልጅነታቸው ዝምተኛና እልኸኛ ነበሩ። አባታችን ሰፍተው የጨረሱትን ሱሪ ደንበኛው ፊት አገላብጠው «ይቺ ስፌት ጠማማ ናት» ይሉ ነበር። አባታችንም ይህቺን ልጅ ከሱቅ ትምህርት ቤት ይሻላታል ብለው ገና በአምስት ዓመታቸው አስገቧቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1984 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ እዚያው አገለገሉ።

በ1988 ዓ.ም. ከመንገድ ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው እቤታቸው ውስጥ ጫማ እንኳ ተራ ይዞ ነው የሚቆመው እያሉ ሲያሟቸው ኖረዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸውም «እትዬ መስመር» ይሏቸው ነበር፤ ስሙን አልጠሉትም።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተመደቡት ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ደንበኞች ስልካቸው እንዲሠራ በሚያደርገው ክፍል ነው። ሥራው ለብዙዎቻችን ግልጽ ስላልነበረ በአጭሩ ልናገር። ሰው ድንበር ተሻግሮ ስልኩን ሲከፍት የደረሰበት አገር ኔትወርክ «ይህ የእናንተ ሰው ነው ወይ?» ብሎ የኛን ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ልንደውልለት ስንል የኛ ማሽን «በየት በኩል ላግኘው?» ብሎ ያኛውን ይጠይቃል። ጥያቄውና መልሱ በየት በር ወጥቶ በየት በር እንደሚገባ የሚወስን ሰንጠረዥ አለ። ያንን የሚጽፉት እህታችን ነበሩ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ለማሽኖቹ ተብሎ ስለሚቀዘቅዝ ዓመቱን ሙሉ ሹራብ ለብሰው ይሠሩ ነበር። መሳቢያቸው ውስጥ ከየአገሩ ኔትወርክ ለሙከራ የተላኩ ሲም ካርዶች በተራ ተደርድረው ይቀመጣሉ።

በ2002 ዓ.ም. አባታችን ድንገት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። እኔ ለሥራ ሌላ አገር ነበርኩ፤ ሱቁ ይሸጥ አይሸጥ በሚል ከአባታችን ጋር ተኳርፈን ነበር የተለያየነው። አልጋው ላይ ሆነው ልጁን ጥሩልኝ አሉ። እናታችን ደጋግመው ደወሉ፤ የምትመልሰው ግን ያቺ የተቀዳች ድምፅ ናት፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ተዘግቷል። እህታችንም ሞክረው ያንኑ ሰሙና እንደ ሰዉ ሁሉ አኩርፎ ነው አሉ። እኔ ስልኬን በእጄ ይዣለሁ፤ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፤ የሚያስታውሰኝ ጠፋ ብዬ እንዲያውም ተቀይሜ ነበር። አባታችን በሩን በሩን እያዩ አረፉ።

ሞታቸውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤቴ ሰው ነው። ስደርስ ተቀብረዋል። እናታችን ስልክህን ዘግተህ ልቡን ሰበርከው አሉኝ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አላገኘሁም። አጎታችን ማሽን ምን አስዋሸው ብለው ዘጉት። እህታችን ብቻ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና በእነዚያ ቀናት አንተ ለሌላ ሰው ስትደውል ይሠራልህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ሹራባቸውን አንስተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሳይቀመጡ፣ በር ላይ እንደቆሙ ተናገሩ፤

«ስልኩ ክፍት ነበር። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የነበርኩበት አገር ኔትወርክ መቀበያውን ቀይሮ ኖሮ እህታችን አዲሱን መስመር ሰንጠረዡ ላይ ጽፈዋል፤ አሮጌውን ግን ሳያጠፉ ቀሩ። ማሽኑ ደግሞ ከሚፈልገው አድራሻ ቁጥር ጋር ብዙ አሃዝ የገጠመለትን መስመር ያስቀድማል፤ አሮጌው ረዘም ይል ስለነበር ጥያቄው ወደ ተዘጋው አሮጌ በር እየሄደ መልስ አጣ። መልስ ያጣው ማሽን «ተዘግቷል» አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ግን እያደር የሚጠራ ነገር ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ሰው አልነበሩም። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

እናታችን እኔን አቅፈው አለቀሱ። ፊታቸውን ያዞሩት በእህታችን ላይ ነው፤ እስኪታረቁ ብዙ ጊዜ ፈጀ። እህታችን በየሳምንቱ እየመጡ፣ ሰላምታቸው ሳይመለስላቸው ወንበር ስበው ይቀመጡ ነበር። መሥሪያ ቤታቸውም ራሳቸው ባመለከቱት ጥፋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በክፍሉ አሮጌው መስመር ተፈልጎ ሳይጠፋ አዲስ አይጻፍም፤ ከተጻፈም በኋላ ሌላ ሰው በሙከራ ሲም ደውሎ ሳያረጋግጥ ማንም ወንበሩን አይለቅም። ያሠለጠኗቸው ወጣቶች ይህን ሲያማርሩ ሰምቼአለሁ።

እህታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ፣ ያቺን ነገር እንዳትዘላት አሉኝ። በቀብር ላይ ጥፋት አይነበብም፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ተከራከርኳቸው።

«ያን ቀን ቤት ያልነበረው ዘመድ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው» አሉ። «አንተን ዛሬም አባቱ ላይ ስልክ የዘጋ ነው የሚሉህ። እኔ ቆሜ ልነግራቸው አልችልም።»

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እኔ አጠገባቸው ሳለን አርፈዋል። እናታችን፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና አንድ ወንድማቸው ቀርተናል።

ዘመዶቼ፣ እንዳዘዙኝ ሳልዘል አንብቤላችኋለሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናታችንም ጽናቱን ይስጥልን። እኔ ግን ስሜ ከሚነጻ እሳቸው ቢቆዩልኝ ይሻለኝ ነበር።