በጭብጨባ ጸደቀ

ጥቅምት 4

ለአንድ ሆቴል የምሰፋው መጋረጃ ዛሬም አላለቀም። ጨርቁ ከእጅ ያመልጣል፤ ጠርዙን ሰፍቼ ፈታሁ፣ ደግሜ ሰፋሁ...

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ባለቤቴን ወደ አዳራሹ ይዤ ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ሰፈራችን ልማት ላወያያችሁ ብሎ ጠርቶን ነበር። ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። ዳገቱ ላይ ስደርስ እንደ ልማዱ “ማርሽ ቀይሪ” አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ሰፈሩ እስካሁን “ፍሬን” ነው የሚለው።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ንግግር ያውቅበታል። ዘመናዊ ሕንፃ፣ የመንገድ መብራት፣ ለኑሮ የምትመች ከተማ። ሲጨርስ አጨበጨብን። ጥያቄ ያለው ሰው እጁን ሊያወጣ ሲል፣ ኃላፊው ሌላ ስብሰባ አለባቸው ተባለ። አንድ አንድ የፕላስቲክ ውሃ ታደለንና ተመለስን።

ምን ተባባልን? ምንም።

ጥቅምት 17

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንኳ ከእጁ ሳያስቀምጥ መጣ። ሱቁ መንገዳችን አፍ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። “ነይ አንብቢው፤ እኔ በትክክል ያነበብኩት አልመሰለኝም” አለኝ።

በትክክል ነው ያነበበው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። መንገዳችን ለሚሠራው ፎቅ ተሰጥቷል። በምትኩ ለእግረኞች ደረጃ ይሠራል። ከግርጌው ደግሞ፦ “ዕቅዱ ነዋሪዎች በሙሉ ተሳትፈው ከተወያዩበት በኋላ በጭብጨባ ጸድቋል።”

ደረጃ...

ቤታችን መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከኋላችን ገደል። ሌላ መውጫ የለንም። ወንበር እንዴት አድርጎ ደረጃ ይወጣል?

ለባለቤቴ ለመንገር ብዙ ዞርኩ። እቃ አጠብኩ፣ የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። በመጨረሻ ነገርኩት። ሰማኝና “እና እኔ ምን ልሆን ነው? የቤት ዕቃ?” አለኝ።



ጥቅምት 18

ያጨበጨብነው ለምን ነበር? ያገኘሁትን ሁሉ ስጠይቅ ዋልኩ።

ጎረቤቴ ነርሷ “ሰውየው ንግግሩን ጨረሰ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?” አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ስላለቀ ደስ ብሎት ነው ያጨበጨበው። እኔስ? ለጨዋነት። ሰው ፊታችሁ ቆሞ ደክሞ ዝም አይባልም ብዬ።

አንዳችንም እስማማለሁ ለማለት አይደለም። ጨዋነታችንን ወስደው ፊርማ አደረጉት።

ጥቅምት 21

ጠዋት ሠራተኞች መጥተው የመንገዱን ግማሽ በቆርቆሮ አጠሩት። ወንበሩ አሁን ቆርቆሮውን እየታከከ ነው የሚያልፈው።

ከፀጉር አስተካካዩና ከነርሷ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ኃላፊው ብድግ ብሎ ተቀበለን፣ ወንበር አቀረበልን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄው ነው። ከተማ ሲያድግ የሚነካ ሰው መኖሩ አይቀርም አለ። እሱ እንደሚለው ደግሞ ሁላችንም ደግፈነዋል። ካላመንን ቪዲዮው አለ።

ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረው። አዳራሹ ሁሉ ያጨበጭባል። ከፊት እኔ... ፈገግ ብዬ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ፣ ሙሽራ የምቀበል ይመስል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“አዩ እናቴ? ሁሉም ሰው ነው ያጨበጨበው። አንድም የተቃወመ የለም” አለ።

ስንወጣ ፀጉር አስተካካዩ ሁለት እጁን እያገላበጠ አያቸው። “በእነዚህ ነው እንጀራ የምበላው፤ ባይሆን ኖሮ እቆርጣቸው ነበር” አለ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ጥቅምት 22

ትናንት የሆነውን ለባለቤቴ ዛሬ ነገርኩት። ሸሚዙን እየቆለፍኩለት ነበር።

“ሁሉም ሰው ነው ያለው?”

“ሁሉም።”

“እኔስ?”

ምን እንደሚል አልገባኝም። ከዚያ ቀኝ እጁን አየሁት። ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በየማለዳው እኔው ነኝ አንስቼ እጅጌ ውስጥ የማስገባው። እንዴት ረሳሁት?

“በየትኛው እጄ?” አለና መሳቅ ጀመረ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ሲበቃው ዓይኑን በግራ እጁ ጠረገ።

“ውሰጂኝ” አለኝ።

ጥቅምት 25

ወሰድኩት።

የኃላፊው ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። ቢሠራም አልወጣም አለ፤ ወንበሩን ደረጃው ሥር አስቁሞኝ ፍሬኑን በራሱ እጅ ያዘ። ወጪ ወራጁ በጎን እየተሽሎከለከ ያልፋል። ጥበቃው ቢቸግረው “አባቴ፣ መተላለፊያ እኮ ዘጉ” አለው።

“እኔ ነኝ የዘጋሁት?” አለ የኔው። “ወደ ላይ ወጥተህ ጠይቅ፤ መዝጋት የሚያውቁት እዚያ ናቸው።”

ሰው ቆም ቆም እያለ ማየት ጀመረ። ባለጉዳይ፣ ጸሐፊ፣ ዶሴ የታቀፈ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና ምን ልርዳዎት አለ።

“ልጄ፣ ሁሉም ሰው አጨበጨበ ብለሃል። እኔም እዚያ ነበርኩ። እስቲ እኔን አስጨብጭበኝ።”

ኃላፊው የባለቤቴን እጅ አየ። እኔን አየ። ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ። “ሁሉም ሲባል... ቃል በቃል አይወሰድም እኮ አባቴ፤ አጻጻፍ ነው” አለ።

“ታዲያ የማይወሰድ ቃል ለምን ጻፍክብኝ?”

ከኋላ አንዱ “እውነቱን ነው” አለ። ሌላው ደግሞ የእኛም ሰፈር እንዲሁ ነው የጸደቀው አለ። ኃላፊው ጆሮው ቀላ። ስብሰባው እንደ አዲስ ይጠራል አለ። ባለቤቴ “ጮክ ብለህ ድገመው፣ ጆሮዬ ላይ ትንሽ ችግር አለ” አለው። ጆሮው ደህና ነው፤ ከኔ ይሻላል። ኃላፊው ጮክ ብሎ ደገመው።

ጥቅምት 28

ስብሰባው ለኅዳር 6 ተጠራ። መጋረጃው አለቀ።

ኅዳር 1

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው ቤት ድረስ መጣ። ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ። ለእናንተ ብቻ መፍትሔ ተገኝቷል አለን። ሌላ ሰፈር፣ ምድር ላይ ያለ ቤት፣ በሩ ሰፊ፣ ደረጃ የሌለው። ስብሰባው ግን ባይቀጥል ጥሩ ነው...

ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን እዋሻለሁ? ጓጓሁ። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ሁሉ አየሁት።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ከፈለግሽ እንሄዳለን። ግን እዚያ ሄጄ ማንን ልተርብ?” አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ፊቱ ግን አልቀለደም።

ነርሷ እርጉዝ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ጋሪ ትገፋለች። ከእኛ በላይ ያሉት ሽማግሌ ቀድሞውንም በከዘራ ናቸው። እኛ ብንሄድ ደረጃው የማንን በር ይዘጋል?

ሰውየውን እስከ በሩ ሸኘሁት። አንሄድም አልኩት። ደግመው ያስቡበት አለኝ። አስቤበታለሁ አልኩት።

ኅዳር 4

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተለማመድን። ምን? አለማጨብጨብ። ሰው ቢሰማ ምን ይለን ነበር?

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ፣ የተከበራችሁ ነዋሪዎች እያለ ኃላፊውን ቁርጥ አድርጎ አስመሰለው። በመጨረሻ “አመሰግናለሁ” ሲል ነርሷ ጧ ጧ አድርጋ አጨበጨበች። “ወይኔ፣ እጄ እኮ ራሱ ነው የሄደው” ብላ መቀመጫዋ ሥር ደበቀችው። ግማሽ ፀጉሩ የተላጨ ደንበኛ ሳይቀር ሳቀ።

ግን አንድ ነገር ወሰንን። የሚጻፈው ይነበብልን። የምንስማማው እጅ እያወጣን ነው፤ እጁም ይቆጠር።

ኅዳር 6

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከሌላ ሰፈርም መጥተዋል።

ኃላፊው ዛሬ አሳጥሮ ተናገረ። ዕቅዱ ተሻሽሏል። ሕንፃው በራሱ ድንበር ይሠራል። ደረጃው ቀርቷል፣ መንገዱ እንዳለ ይቆያል። እጄ ለማጨብጨብ ዳዳው። ባለቤቴ ግራ እጁን እጄ ላይ ጫነ፤ ይደግፈኝ ይሁን ይያዘኝ እንጃ።

“አመሰግናለሁ” አለ ኃላፊው። ቆመ። ጠበቀ።

ዝም።

ከፊት የተቀመጡት የራሱ ሠራተኞች ጀመሩ፤ ብቻቸውን መሆናቸው ሲገባቸው አቆሙ። ያን ዝምታ እንዴት ልጻፈው? የተቆጣ ዝምታ አልነበረም። ሒሳቡን የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነው።

“ደስ አላላችሁም እንዴ?” አለ ኃላፊው።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሣ። “ደስ ብሎናል። አሁን ይጻፍና ይነበብልን።”

ተጻፈ። ተነበበ። “በተቻለ መጠን” የምትል ቃል ገብታ ነበር፤ ነርሷ ትውጣ አለች። ወጣች። እንደገና ተነበበ። ከዚያ እጅ ወጣ፣ ጸሐፊዋ በረድፉ መካከል እየተመላለሰች ቆጠረች። እኛ ጋ ስትደርስ ባለቤቴ ግራ እጁን ሰቅሏል፤ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። “ይቺን እንዳትረሺ” አላት።

ኅዳር 15

ቆርቆሮው ተነሣ። ጠዋት ባለቤቴ ጋዜጣ ልግዛ ብሎ ብቻውን በግራ እጁ ግድግዳውን እየገፋ ወጣ። እግዚኦ፣ ዳገቱ... በመስኮት እያየሁ መርፌ ወጋኝ። ልርዳው ብል ደግሞ አይፈልግም፤ ማርሹን ራሱ ሊቀይር ነው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ካሜራ አስከትሎ መጣ። ሁላችንንም መንገዱ ላይ አሰለፉን። ፎቶ አንሺው እኛን ለካ፣ ብርሃኑን ለካ፣ “እስቲ ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡ” አለን።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ነርሷ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

“ከፎቶው ሥር ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?” አለችው። “መጀመሪያ እሱን አንብብልን።”