በራሴ ፊርማ የወረደው ዲሽ

ለክቡር አቶ ሕሩይ፣ በስዊድን አገር በኖርስቦሪ የሕንፃችን ተከራዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

የልዑል እግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ዓይንዎ ሳይፈዝ፣ በተለይም ያ የተባረከ ብዕርዎ ቀለም ሳያልቅበት ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ። እኔ አምስተኛ ፎቅ የምኖረው ብርቅአየሁ ነኝ። ዲሼ ከበረንዳዬ ከወረደ ዘጠኝ እሑድ ሆነ። ፈትተው የወሰዱት የአከራያችን ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ የማመሰግነው ግን እርስዎን ነው።

ደብዳቤዬን በማኅበራችን አዳራሽ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ፣ ለእርስዎ ብቻ ብልከው አንብበው ኪስዎ ውስጥ እንዳያስቀሩት ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይታገሡኝ። የቆጠርኩትም ከዚያው ከቴሌቪዥኑ ነው፤ ከሥር ከሚሮጠው ጽሑፍ። አንዱን ፊደል ስይዝ ሌላው ያመልጠኝ ነበር፤ በሁለተኛው ክረምት «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያመልጠኝ አነበብኩትና ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሕንፃችንን ስላሳመሩልን። ዲሹ የግድግዳውን መልክ ያበላሽ ነበር አሉ። አሁን በጣም አምሯል ይባላል። እኔ ከውስጥ ሆኜ ስለማላየው ውበቱን የሚነግረኝ ሰው እጠብቃለሁ፤ የሚመጣ ግን የለም።

፪ኛ. ከእንግዳ ስላሳረፉኝ። እንደሚያውቁት በዚህ አገር ሳተላይቱ የሚገኘው በደቡብ በኩል፣ ዝቅ ብሎ ነው። ካገራችን ሰዎች መካከል ዛፍም ሕንፃም ሳይጋርደው ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ጉልበታችን ቤተ ክርስቲያን ለሰዓታት መቆሙን እንቢ ካለ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ወይዘሮ ሸዋሉል ከሦስተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ አበባየሁ ከማዶው መግቢያ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ ደግሞ ከሃግሴትራ በሁለት ባቡር እየመጡ ቅዳሴውን አብረን እናስቀድስ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ ወንጌል ሲነበብ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማሉ። በረዶ ዲሹ ላይ ሲከመር እኔ በረንዳ ወጥቼ በመጥረጊያ አራግፋለሁ፤ ሸዋሉል ከውስጥ «መጣ! ኧረ ሄደ! አንቺ ሴትዮ፣ ቄሱን አንገታቸው ላይ ቆረጥሻቸው እኮ!» እያለች ትጮኻለች፤ ከዚያ በጸሎት መሐል መሳቃችንን ይቅር እንዲለን እንጸልያለን። እርስዎም አንድ ፋሲካ መጥተው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ሲሉ ድምፅዎ ከሁላችን በላይ ይሰማ ነበር።

፫ኛ. ለሰጡኝ ምክር። «ዛሬ እኮ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ እትዬ» አሉኝ። እውነት ነው፣ አለ። ልጄ ሊና ታብሌት አመጣችልኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፣ ታብሌቱ የይለፍ ቃል ይጠይቀናል፤ ሦስታችንም ሳንግባባ እንለያያለን። ዲሹ ማን ነሽ ብሎኝ አያውቅም። እንደ ፀሐይ ነበር፤ በረንዳ ላለው ሁሉ ይወጣል።

፬ኛ. ይህን ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በመስከረም ትቬትስቱጋ ውስጥ፣ ልብስ በምናጥብበት ምድር ቤት፣ ሸዋሉልና አበባየሁ ባሉበት፣ እርስዎ በስዊድንኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው መጡ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅዎ «ስለ በረንዳ ጽዳት ነው፤ እርስዎ የተማሩት ይጀምሩልን» አሉኝ። በዚህ አገር ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር ወረቀት በመጣ ቁጥር ሊና የጠቆመችኝ ቦታ ላይ ጫር ከማድረግ በቀር ፊርማ አልነበረኝም። ያን ቀን ግን ስሜን ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል ጻፍኩት። ያገሬ ሰው የተማሩ ብሎኛልና ማን እንደ እኔ! ሁለቱም «ብርቅአየሁ ከፈረመች ምን አለ» ብለው ከሥሬ ፈረሙ። ወረቀቱ «ዲሾቹ ይነሡልን ብለን ተከራዮቹ ራሳችን ጠይቀናል» የሚል መሆኑን ያወቅሁት፣ ሠራተኞቹ መፍቻቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆመው ወረቀቱን ለሊና በስልክ ሲያነቡላት፣ እሷም በተሰባበረ አማርኛዋ ስትነግረኝ ነው።

ዛሬ ሴቶቹ አውቃ አስፈረመችን ይላሉ። ሸዋሉል አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አይታኝ ፊቷን አዞረች። አበባየሁ «ፊደል ካወቀች ወዲህ ከፈረንጅ ጋር ገጠመች» ማለቷን ሰምቻለሁ። ምንትዋብ ስልኬን አታነሣም። የአማርኛ ፊደል ያወቀ ሁሉ የስዊድንኛውን እንደማያውቅ ማን ያስረዳቸው?

ክቡር ሆይ፣ ዲሹ ይመለስልኝ አልልም። ሴቶቹ ይመለሱልኝ ነው የምለው። በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ በእነሱ ፊት «የበረንዳ ጽዳት ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ» እንዲሉልኝ እለምንዎታለሁ። ስድስት ቃል ብቻ ናት፤ ለእርስዎ ለመሰለ ተናጋሪ አታስቸግርም።

ለግድግዳችን ውበት ስለደከሙልን ድካም ዋጋዎን ሳያጎድል ራሱ ፈጣሪ እንዲከፍልዎ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ ፈራሚ፣
ብርቅአየሁ
ኖርስቦሪ፣ ኅዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሊፍት ውስጥ በተገናኘን ቁጥር አንገትዎን ዝቅ አድርገው «ደኅና ነዎት እትዬ?» ይሉኛል። እኔም እስከ ትናንት ድረስ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስልዎት ኖሬአለሁ። እግዚአብሔርን ማመስገኔን አልተውም። ደኅና ነኝ ግን ከእንግዲህ አልልዎትም።