አማቴ እና የእጄ ምስጢር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው። «ለሁለት ቀን ነው» ብለው ነበር፤ ሻንጣቸው ግን ለሁለት ዓመት የተሰናዳ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከጎናችን ባለው ክፍል ጸሎት ይጀምራሉ። ግድግዳው ስስ፣ ድምፃቸው ወፍራም። ዛሬ «የልጄ ባል የሚደብቀውን ነገር...» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ሳል።
ምን አውቀውብኝ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ለራሴም ጽፌው አላውቅም። ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ወሩ። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ... እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት ጠጋኝ እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ነው፤ የሚከበረው እስኪታወቅበት ድረስ ነው። ዛሬ ከወረንጦዬ ያመለጠች ብሎን ግማሽ ሰዓት አንበረከከችኝ።
ለባለቤቴ «የሱቁ መብራት ደክሟል» ብያት ነበር። አዲስ አምፖል ገዛችልኝ። አሁን መንቀጥቀጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። በሃምሳ ዓመቴ!
«ጌታ ሆይ፣ እጁን አይተኸዋል። አፉን ክፈትለት። ሚስቱ ከገዛ አንደበቱ ትስማው።»
እያለቀሱ ነበር። እንዴት አወቁ? ሻይ ሳቀብላቸው ስኒው ሲንኳኳ ሰምተው መሆን አለበት። መልአክ ነገራቸው ከምል ስኒው ይቀለኛል።
ከዛሬ ጀምሮ ሻይ በብርጭቆ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ለልጃቸው ሹክ እንዳይሉ ለብቻቸው አልተውኋቸውም። ገበያም ተከተልሁ። ሽንኩርት መረጥሁ።
«ምን ሆነሃል? እናቴን እንደ ሌባ ትጠብቃታለህ እኮ!» አለች ባለቤቴ።
«ተዪው ልጄ፣ ሽንኩርት መምረጥም ሙያ ነው» አሉ አማቴ።
አሾፉብኝ? አዘኑልኝ? ሁለተኛው ይብሳል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
አንዲት መበለት የባሏን የእጅ ሰዓት አምጥታ ነበር። ወረንጦው ተንሸራተተ፤ ፀጉር የምታህለው ሞላ ተጣመመች።
«ድሮም ተበላሽታ ነበር» አልኋት።
አመሰገነችኝና ሰዓቱን እንድሞክረው ትታልኝ ሄደች። መመስገኔ ነው የከፋው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15
ነገርኋት። ባለቤቴ ሳህን እያጠበች ነበር።
«መቼም እናትሽ ነግረውሻል።»
«ምኑን?»
እጄን ዘረጋሁ። ቧንቧውን ዘጋች። እርጥብ እጇን በእጄ ላይ አደረገች። «ብቻህን ነው የከረምኸው?» አለችኝ።
እናቷ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በየቀኑ አንድ ቦታ ብቻ ነው የተናገሩት። ምስጢር የምትጠብቅ አማት... ካነበብሁት መጽሐፍ ሁሉ በአንዱም አላጋጠመችኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
ሐኪሙ፦ የነርቭ ነው፤ አይገድልም። መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ ላያጠፋው ይችላል።
ለመበለቷም እውነቱን ነገርኋት። ሰዓቱን ነጥቃኝ ወጣች። ደግ አደረገች።
አፌን ያስከፈተኝ ጸሎት ሳይሆን ስኒው ነው ልል አሰብሁ። ግን ስኒው ስድስት ወር ሙሉ ሲንኳኳ አፌ እንደተዘጋ ነበር...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23
አሥራ ሁለት ሰዓት። ከግድግዳው ማዶ ዝምታ። ጠረጠርሁ። በራቸውን አንኳኳሁ።
«እማማ፣ ዛሬ ጸሎት የለም እንዴ?»
«አንተን እየጠበቅሁ ነው። ግድግዳው ጆሮህን አልቆረቆረህም?»
ለካ ያውቃሉ።
ተንበረከክሁ። ብሎን ሳልፈልግ ስንበረከክ ከስንት ዘመኔ።
«ምን እንደሚባል አላውቅም» አልሁ።
«ለሚስትህ እንደነገርሃት ንገረው።»
እጄን ዘረጋሁ። ይንቀጠቀጣል። አልደበቅሁትም።