የገንፎው ገብስ

ጋፋት፣ ደብረ ታቦር
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለብርቱካን ይሻው፣ ጅማ

ብርቱዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ማቅለሽለሹስ ተወሽ? እኛ ቤት እህሉ ገብቷል። ግራጫዋ ድመት ከወለደች ወዲህ ጎታው ሥር አንዲት አይጥ አላየሁም።

በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ አንቺም ለእንባ ቅርብ ነሽ። ሊጠይቀን የመጣው መልካሙ ወደ ጅማ ሲመለስ በእጁ ልላክልሽ ብዬ ነው የጻፍሁት።

የዚያ ማሳከክ ስሙ ታወቀ። ገላዬን ውሃ በነካው ቁጥር እሳት የነካኝ ያህል ስታከክ ጎረቤታችን ፈንታነሽ «ጠበሉ ርኩሱን እያቃጠለው ነው፣ በርቺ፣ ሊወጣ ነው» እያለች በየጠበሉ ስታዞረኝ ከረመች። ፊቴ ሲቀላ ደግሞ መንደርተኛው «አለምወርቅ፣ ወዛሽሳ» ይለኛል። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ ደሜ በዝቶ ኖሯል።

ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም ብዙ ሰው የማይይዘው የደም ካንሰር ነው አለኝ። የአጥንቴ መቅኔ ልኩን ስቶ ቀዩን ደም ያበዛዋል። ወፍሮ ውስጤ እንዳይረጋና ልቤን ወይ ጭንቅላቴን እንዳይመታኝ ነው የሚያሰጋው። ትርፉን ደም በመርፌ ይቀዱልኛል፣ ኪኒን እውጣለሁ። አባትሽ ካንሰር የሚለውን ሲሰማ ብድግ ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬም ስሙን አይጠራውም፤ «ያ ነገር» ነው የሚለው።

እኔ ግን ጠየቅሁ። «ዶክተር፣ ስንት ዓመት እቆያለሁ?» አልሁት።

«ይህ በሽታ ተነቅሎ አይጠፋም። ሕክምናውን የሚከታተለው ብዙው ሰው ግን ረጅም ዓመት ይኖራል» አለኝ።

«ብዙው ሰው ይኑር፣ እኔስ?»

ሳቅ አለና «የእርስዎን ለብቻ ነጥዬ ልነግርዎ አልችልም። ጥቂት ሰው ላይ ወደ ባሰ ይለወጣል፤ ለዚህ ነው ደምዎን በየጊዜው የምናየው» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ እኔ ይዤው የወጣሁት ያንን ጥቂት ሰው ነው። ምስር ስለቅም እሱን አስባለሁ፤ ቅዳሴ ቆሜም እሱን አስባለሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና ላለመፍራት እሞክራለሁ፤ አልሆነልኝም። ፈርቻለሁ ልጄ።

ልወጣ ስል ከበሩ ተመለስሁና «ልጄ ለዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቷ ቤት መጥታ ነው የምትወልድ። ገንፎዋን አገንፍቼ ላበላት እደርሳለሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ለካ ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ መጠየቅ የፈለግሁት ይህንኑ ኖሯል።

«ኪኒንዎን ካላቋረጡ እርስዎ ነዎት የሚያገነፉላት» አለኝ። እኔም አምኜዋለሁ።

አንቺ ሥራሽን ጥለሽ አሁን እንዳትመጪ። መንገዱም ለእርጉዝ አይሆንም። በጊዜሽ ትመጫለሽ።

የገንፎሽን ገብስ ከጉና አስመጥቼ፣ ለቅሜ፣ ከነቅቤው ፈንታነሽ ቤት አስቀምጫለሁ። ጓጉሎ እንዳይቀር እንዴት እንደሚማሰል አሳይቻታለሁ፤ ጨው ሲበዛ እንደማትወጂም ነግሬያታለሁ። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። እኛ ቤት አይጡ በዝቶ ነው።

ማርያም ትቅረብሽ፤ በሽልም ያውጣሽ። እኔንም ለማየት ያብቃኝ።

እናትሽ አለምወርቅ